ማኅተሙ ከማረፉ በፊት

በዕድሜ የምንተካከል የወናጎና የዲላ ባልንጀሮቼ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የልማት ቦርድ፣ በየአገር በቀሉ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ፣ በየወረዳው የምልመላ ኮሚቴ ሽማግሌ ተብላችሁ የምትቀመጡ፣ ጡረታ ከወጣችሁም በኋላ አስተያየታችሁ የሚጠየቅና ፊርማችሁ የሚፈለግ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ የሚያስጨንቀኝ ነገር ግን በእነርሱ እጅ የተያዘ አይደለም። እነርሱ ይቀጠራሉ፤ የቀረበውን ወረቀት አይቶ ይሁን የሚለው፣ መልቀቂያ የሚሰጠው፣ ማኅተም የሚያሳርፈው ወይ የእኛ ትውልድ ሰው ነው፣ ወይ እኛ ያስተማርነውና ዛሬም ሲያየን ከመቀመጫው የሚነሣ ኃላፊ ነው።

ሰሞኑን በየሄድሁበት የምሰማው ወሬ አንድ ነው። የጤናና የትምህርት ፕሮጀክቶች ሊመለሱ ነው፣ ሌላ ለጋሽ ተገኝቷል፣ የቴክኒክ አማካሪዎች ይፈለጋሉ ይባላል። እውነት ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አጥቶ የከረመ ሰው ያገኘውን ሳይመረምር ይቀበላል፤ በፊታችሁ የማየው ጥድፊያም ይኸው ነው። ወንበሩ ሊሞላ እንጂ ማን ይቀመጥበታል፣ ከየትስ ይመጣል፣ ሲነሣስ ምን ይተዋል ብሎ የሚያመነታ ሰው አላየሁም።

ያለፈውን አንርሳ። በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ በዋሽንግተን የተፈረመ አንድ ትእዛዝ የአሜሪካን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን አገደ። ብዙም ሳይቆይ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ፣ በኤችአይቪ ሥራ ላይ የተሰማሩ ከ5 ሺህ በላይ ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ አደረገ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ስሙን ስንሰማው የኖርነው ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሥራውን አቆመ፤ የቀረው ለአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። ገንዘብ መቋረጡ አላስገረመኝም፤ የሰው ገንዘብ በሰው ፈቃድ ይመጣል፣ በሰው ፈቃድ ይሄዳል፣ ይህን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አይቼዋለሁ። ያሳዘነኝ አብሮት የሄደው ነው። አማካሪው ላፕቶፑን አስረክቦ፣ የቢሮው ኪራይ ተቋርጦ፣ መኪናው ወደ ሌላ ተዛውሮ ሲያበቃ፣ ያ ሥራ እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በወረዳው መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢፈለግ የሚገኘው በጣት የሚቆጠር ነበር። ያን ያህል ዓመት ሲመከር የኖረ ቢሮ መካሪው በሄደ ማግሥት ሪፖርቱን እንኳ መሙላት አቃተው። ምክንያቱን በአማካሪዎቹ ስንፍና ውስጥ የሚፈልግ ሰው ይሳሳታል፤ ብዙዎቹ ትጉኆች ነበሩ፣ ብዙዎቹም የራሳችን ልጆች ናቸው። ነገሩ የተበላሸው ገና ሲመለመሉ ነው።

አካሄዱን የማታውቁት ትኖራላችሁና በዝግታ ልናገር። ለጋሹ ፕሮግራም ሲያወጣ ድርጅቶች ይወዳደራሉ። ተወዳዳሪው በሚያስገባው ፕሮፖዛል ውስጥ ቁልፍ ባለሙያ የሚባሉትን ሰዎች ስምና ሲቪ፣ ብታሸንፉ እሠራለሁ ብለው ከፈረሙበት ደብዳቤ ጋር ያያይዛል፤ ነጥቡም በከፊል በእነዚህ ሰዎች ይሰጣል። እንግዲህ ዋናው አማካሪ የሚመረጠው ፕሮግራሙ ወናጎን በዓይኑ ከማየቱ በፊት ነው፣ መራጩም ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የተቀመጠ ሰው ነው፣ መስፈርቱም ጨረታውን የሚያሸንፍ መስፈርት ነው። ከዚህ ቀደም የዚያን ለጋሽ ፕሮጀክት መርቷል ወይ፣ ሪፖርቱን በእነርሱ ደንብ በእንግሊዝኛ አሳምሮ ይጽፋል ወይ፣ ስሙ በዋናው መሥሪያ ቤት ይታወቃል ወይ ይባላል። የገዴኦን ቋንቋ ገደኡፋን ይሰማል ወይ፣ ወደ ቡሌ ደጋ በሐምሌ የሚወጣው መንገድ ምን እንደሚመስል ያውቃል ወይ፣ እርሱ ሲሄድ ማን ይተካዋል የሚል ጥያቄ ግን በእጄ በገባ ቢጋር ሁሉ ውስጥ አጥቼዋለሁ።

የደመወዙም ነገር አለ። በአሜሪካ እርዳታ ኮንትራት የሚቀጠር ሰው የሚሞላው የግል መረጃ ቅጽ ያለፉትን ዓመታት ደመወዝ ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱም ክፍያ ያንን እያየ ይተመን ነበር። የታሰበው ገንዘብ እንዳይባክን ነው። የሆነው ግን ዕድሜውን በመንግሥት ጤና ጣቢያ የጨረሰው ጤና መኮንን ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ከኖረው ሰው ዝቅ ብሎ እንዲጀምር ነው። ወጣቱ ደግሞ ዓይን አለው። ቶሎ የወጣ ቶሎ እንደሚያድግ፣ የቆየ እንደሚቀር አየና ገና ዲግሪውን ሳይቀበል መውጫውን ማየት ጀመረ። እንዲህ ያለውን ልጅ አልወቅሰውም፤ ቤት ኪራይ አለበት፣ ታናናሾች አሉበት።

አሁን ይህን ሁሉ ወናጎ ላይ አምጥታችሁ አስቀምጡት። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ1 ሺህ በላይ ሰው በሚኖርበት፣ እንሰቱና ቡናው ከቤቱ ግድግዳ ጀምሮ በሚያድግበት ወረዳ፣ አንድ የበሰለ ጤና መኮንን ወይም አንዲት ብርቱ የሒሳብ አስተማሪ ለስንት ቤተሰብ እንደምትተርፍ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ፕሮጀክቱ ሲመጣ የሚመለምለው እነርሱን ነው፤ ደካማውንማ ማን ይፈልገዋል። ከጤና ጣቢያው የተወሰደው ሰው ሐዋሳ ቢሮ ይሰጠዋል፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፣ በየሩብ ዓመቱ በመኪና ይመጣና ጥሎት የሄደውን ጤና ጣቢያ ለምን ደከምህ ብሎ ድጋፋዊ ክትትል ያደርግለታል። ይህን ስታነቡ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። በቦታው የተመደበው ልጅ ገና ከትምህርት የወጣ ነውና አማካሪው የሚለውን በማስታወሻው ላይ ይጽፋል፣ አበሉን ይፈርማል፣ በልቡ ግን እኔስ መቼ ነው እንደርሱ በዚያ መኪና የምመጣው ይላል። በሁለት ዓመቱ እርሱም ይሄዳል።

ዩኔስኮ በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የአባቶቻችን እርሻ ውስጥ ገበሬው ቡናውን ያለ ጥላ አይተወውም፤ ቅርንጫፉን ግን እየተመለከተ ያሳሳል፣ ጥላው ሲከብድ ቡናው ይረዝማል እንጂ አያፈራምና። አማካሪን እንዲህ አድርጎ ያሳሳ መሥሪያ ቤት አላየሁም። ፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲጀምር የአማካሪዎቹ ቁጥር ይጨምራል፣ ሦስተኛው ላይ የወረዳው ዕቅድ ራሱ በእነርሱ ኮምፒውተር ይጻፋል፤ ኃላፊው ለመፈረም ብቻ ይጠራል።

ሌላ መንገድ ታይቶ የማይታወቅ አይደለም። በደምቢያ ወባ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ የተባበሩበት ነበር፤ ከውጭም ባለሙያዎችን አስመጥቷል። ያስመጣቸው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን እንዲያሠለጥኑለት ነው። የተመረቁት በየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያ ገቡ፤ እኛ ልጆች ሳለን ጤና መኮንን ማለት ሐኪም ማለት ነበር፣ እናቶቻችን ዶክተር ብለው ነበር የሚጠሯቸው። የውጭዎቹ ውላቸው አልቆ ሲመለሱ ኮሌጁ ቀረ፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው በዚያ መሠረት ላይ ነው።

በአንጻሩ የ1964ቱን ሴክተር ሪቪው የምታስታውሱ አላችሁ። ከአገር ውስጥና ከውጭ የተሰበሰቡ ምሁራንና አማካሪዎች የአገሪቱን ትምህርት መርምረው ትልቅ ሰነድ አወጡ። አሁን በሽምግልና ዓይን ሳየው ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ትምህርትን ለገጠሩ ልጅ ማዳረስ ይፈልግ ነበር። ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆመው አስተማሪ በወጉ አልተጠየቀበትም፣ ወላጅም አልሰማውም፤ ሲሰማም የሰማው ለድሃው ልጅ አራት ዓመት ብቻ ሊሰጡት ነው የሚለውን ነበር። ያን ጊዜ ገና ጀማሪ አስተማሪ ነበርሁ። በየካቲት 1966 ሥራ አቆምን፤ ባለ ታክሲው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ሁሉ በየራሱ ብሶት ተነሣ፤ ሰነዱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። መንግሥቱን የጣለው ያ ጥናት ነው ለማለት አልደፍርም። የጥናቱን ሰዎች የመረጠው ግን ጥናቱ የሚነካቸውን ሰዎች ረስቶ ነበር፣ የዚያ መርሳት ዋጋም እንዲህ ከባድ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላም አልተማርንም፤ በ1997 ገደማ ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በፕላዝማ ሲመጣልን የነበረውን ትምህርት፣ አስተማሪው ከተማሪው ጋር አብሮ ተቀምጦ ሲያይ፣ እኛም በዝምታ አብረን አየን።

ወደ ቤታችን ልመለስ። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛና ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ጥቂት የማይባሉት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደማይችሉ ታወቀ፤ የሚያስደነግጥ ነበር፣ አስደነገጠም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ እርዳታ ሪድ በተባለው ፕሮግራም የንባብ መጻሕፍትንና የአስተማሪ መምሪያዎችን በሰባት ቋንቋዎች አዘጋጀ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ። አማካሪዎችም በእነዚህ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ገደኡፋ ከሰባቱ አልነበረም። ሰባት መምረጥ ግድ ከሆነ አንዱ ይቀራል፣ ስለዚህ አልከራከርም፤ የጎረቤቶቻችን ልጆች በማንበባቸውም ደስ ብሎኛል። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ነገ አንድ ለጋሽ መጥቶ ለገደኡፋ ንባብ አማካሪ ልቅጠር፣ በቋንቋው የመጀመሪያ ክፍል ማስተማርን አጥንቶ ያስተማረ ሰው ስጡኝ ቢለን፣ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲማሩ ኖረው እንኳ፣ ማንን እንደምንሰጠው ተነጋግረን አናውቅም። ሰው ያላዘጋጀ አገር የሰው ምርጫ ይደርሰዋል።

የ2010ን ክረምት አስቡ። ከሚያዝያ ጀምሮ በሰኔም ብሶ፣ በእኛና በምዕራብ ጉጂ ወንድሞቻችን መካከል በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጣ፤ አብዛኛው ወደ ገዴኦ ገባ፤ ትምህርት ቤቶቻችንና ጣራቸው ያላለቀ ሕንፃዎች ሁሉ በሰው ተሞሉ። በዚያ ወቅት ዲላ የመጡትን የውጭ ባለሙያዎች አላማም፤ ሌሊቱን ሳይተኙ ሲሠሩ አይቻለሁ። ሆኖም በየጥቂት ወሩ የሚፈራረቅ ሰው ስለ ውኃ ማጣሪያና ስለ ሕፃናት አልሚ ምግብ የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ የትኛው ቀበሌ ከየትኛው ጋር ገበያ እንደሚካፈል፣ ሽማግሌዎቹ በየትኛው ሶንጎ እንደሚሰበሰቡ የማወቂያ ጊዜ የለውም። ያን የሚያውቁት የእኛ ነርሶችና አስተማሪዎች ደግሞ በአስተርጓሚነት ተቀጥረው ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጡ። በ2011 በገደብ ጎቲቲ የተጠለሉት ሕፃናት መክሳት የዓለም ዜና ሲሆን፣ የሚያውቀው አስተርጓሚ ነበር፣ የሚወስነው ደግሞ የማያውቀው። እንዲህ ያለ ቀን ተመልሶ አይመጣም የሚል ካለ ከእኔ ያነሰ ዘመን የኖረ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳስበኝ አዲስ ነገር ተጨምሯል። የዩኤስኤአይዲ ኃላፊ የነበሩት በ2014 መጀመሪያ ላይ ከገንዘቡ ሩቡ በአራት ዓመት ውስጥ በቀጥታ ለየአገሩ ተወላጅ ድርጅቶች ይሰጣል ብለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አሥር በመቶ አካባቢ ሲንገላታ ቆይቶ ድርጅቱ ራሱ ቀድሞት ተዘጋ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ቀሪዎቹ ለጋሾችም ይህንኑ ይላሉ። እንግዲህ ቀጣሪው የሩቅ ሰው መሆኑ እያበቃ ነው። ቀጣሪው የእናንተ ቦርድ ይሆናል። የማየው ደግሞ የእኛው ድርጅቶች የውጭዎቹን ቢጋር ከነነጥቡ ገልብጠው፣ ያንኑ የእንግሊዝኛ ሪፖርት፣ ያንኑ የለጋሽ ልምድ፣ ያንኑ የደመወዝ ታሪክ እየጠየቁ ማስታወቂያ ሲያወጡ ነው። ይህ ከቀጠለ ልጆቻችንን ከጤና ጣቢያ የሚያወጣው እጅ የእኛው እጅ ይሆናል፣ የምንወቅሰውም ፈረንጅ አይኖርም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ዲላ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ ቢሮው በዝቷል፣ ቢሮ በበዛ ቁጥር ከኮቸሬና ከወናጎ ወደ ላይ የሚሳበው ሰው ይበዛል። ፕሮጀክቱ በዚህ ላይ ሲደረብ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በቀበሌው የሚቀረው መሄድ ያልቻለው ብቻ ነው። ወረርሽኝ ቢነሣ፣ ወይም እግዚአብሔር አያምጣውና ያ ክረምት ቢደገም፣ ደጃፉን አንኳኩተን የምናገኘው እርሱን ነው።

ጊዜ የለም ብዬ ባምን ኖሮ ግን ይህን አልጽፍም ነበር። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አስቀድሞ የአስተማሪዎችና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተብሎ፣ አስተማሪና የጤና ባለሙያ የሚያፈራ ተቋም ከደጃችን አለ። ከ2006 ገደማ ወዲህም በኖርዌይ ድጋፍ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ከሐዋሳ፣ ከዲላ፣ ከአርባ ምንጭና ከወላይታ ሶዶ ጋር ተሳስሮ፣ በተለይ ሴቶችን በኅብረተሰብ ጤና እስከ ዶክትሬት አስተምሯል። ከዚያ የወጣው ሥራ አንዱ በእኛው በወናጎ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት ነው፤ የልጆቻችን ደም ማነስ፣ መቀንጨርና የሆድ ትላትል ተመዝግቦ በዓለም መጽሔቶች ወጣ። እዚያ የመጣው ፕሮፌሰር አገልግሎቱ ማስተማር ነበር፤ ተማሪዋ ግን የዚህ አገር ሰው ናትና ዕውቀቱ በደቡቡ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ቀረ። አማካሪ ቢያስፈልገን ከነዚህ ሰዎች ለምን አንጀምርም ብዬ ብጠይቅ፣ የለጋሽ ልምድ የላቸውም የሚል መልስ ሰምቻለሁ። በወናጎ ልጆች ላይ ዓመታት የደከመች ሰው ለወናጎ ልጆች አማካሪነት ልምድ የላትም ተባለ።

ስለዚህ የፕሮጀክት ስምምነቱ በዞኑ ፋይናንስና በጤና ወይም በትምህርት መምሪያው በኩል አልፎ እጃችሁ ሲደርስ፣ የአማካሪዎቹን ገጽ ከሁሉ አስቀድማችሁ አንብቡ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወሰድ ሰው ካለ ማን በምን ወር እንደሚተካውና ተተኪው ከቀዳሚው ጋር ስንት ጊዜ አብሮ እንደሚሠራ ይጻፍ፤ ወጪውንም ወሳጁ ድርጅት ይሸፍን። አማካሪው ወንበሩ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይሁን፣ ኃላፊው ባለበት ክፍል። የሚሠራው በሰው ቤት ከሆነ ገደኡፋ ይስማ፣ ካልሰማ ይማር፣ ለመማሪያም ጊዜ ይሰጠው። በአጋማሹ ግምገማ ላይ የሚጠየቀው ስንት ሥልጠና ሰጠህ መሆኑ ቀርቶ ያለ አንተ የሚሠራው የትኛው ሥራ ነው ይሁን፤ መልስ ካጣ የሁለተኛው ዓመት ውል አይታደስ። ይህን ስትጠይቁ ድርጅቱ መጀመሪያ ይከፋል፣ ለጋሹ አይቀበለውም ይላችኋል፣ ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ዞን ይሄዳል ብሎም ያስፈራራችኋል። አንዳንዱ በእውነት ይሄዳል፤ ይሂድ። ብዙው ግን አይሄድም፣ ገዴኦን በፕሮፖዛሉ ላይ ጽፎ ነው ገንዘቡን ያገኘው።

ፊርማው እስከ አርብ ካልደረሰ ያመልጠናል ይሏችኋል። ገጹን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ሰኞ ይድረስ።